የሕዝብ ቁጥራችን ተሳስቷል፤ በምን አስረድተን እናሳርመው?

ሰንጠረዥ_ገላጭ

ሰላም ለዚህ ቤት። እስካሁን ዝም ብዬ አንባቢ ነበርኩ። ዛሬ ግን ቸግሮኝ ጻፍኩ።

የምሠራው በአንድ የአካባቢ አስተዳደር ፕላን ክፍል ውስጥ ነው። የሕዝብ ቆጠራው ውጤት በየሰፈሩ ተከፋፍሎ ደረሰን። ፋይሉን ከፍቼ ወደ ታች ስወርድ አንድ ረድፍ ላይ ዓይኔ ተተከለ። ሦስት ባለ ስድስት ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ያለበት ሰፈር ነው። ማታ በዚያ ሲያልፉ መስኮቱ ሁሉ መብራት ነው። ረድፉ ላይ የተጻፈው ግን 11 ሰው። አሥራ አንድ! መጀመሪያ አምዱ ጠቦ ቁጥሩን የቆረጠው መስሎኝ ነበር። ጎትቼ አሰፋሁት። 11 ነው።

አለቃዬ «ሕዝባችን ከዚህ እንደሚበልጥ ገልጸህ ደብዳቤ ጻፍ» አለኝ። ጻፍኩ። መልሼ ሳነበው ግን ልመና ይመስላል። ለመሆኑ እንዲህ ያለ አቤቱታ ላይ ምንድን ነው የሚያያዘው? የመብራት ደንበኛ ብዛት? የተማሪ ቁጥር? ፎቶ? ያለፋችሁበት ካላችሁ እርዱኝ።

የድሮ_ቆጣሪ

ወንድሜ፣ ደብዳቤውን ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ክተተው። መጀመሪያ ይህን መልስልኝ። ሰዎቹ ጭራሽ አልተቆጠሩም ወይስ ተቆጥረው ሌላ ቦታ ተጻፉ? የሚሄዱበት በር የተለያየ ነው።

እኔ ቆጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ካርታ ይሰጥሃል፤ የምትቆጥርበት ቦታ ወሰኑ ተሰምሮበታል። የኔ ወሰን በአንድ በኩል «የእግር መንገድ» ይል ነበር። ቦታው ስደርስ የእግር መንገድ የሚባል የለም። ካርታው ከተሠራ በኋላ ቤት ተሠርቶበታል። በጎን ያለው ቆጣሪም ያንኑ መንገድ ፍለጋ ሲዞር አገኘሁት። ለተቆጣጣሪዬ ደወልኩ። «ብቻ አንዱ ቤት ሁለቴ እንዳይቆጠር፣ ሌላውን ተስማሙ» አለኝ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ቤቶቹን ተከፋፈልናቸው። እስከ ቆርቆሮው በር የኔ፣ ከዚያ ወዲያ የሱ።

አንድም ሰው አልቀረም። ግን ከእነዚያ ቤቶች ግማሾቹ ወረቀት ላይ የማያውቁት አካባቢ ነዋሪ ሆነው ቀርተዋል።

ስለዚህ ያንን ረድፍ ብቻ አትይ። ዙሪያውን ያሉትን ረድፎችም እይ። አንዱ ያለ ቅጥ አብጦ ካገኘኸው ሰዎችህ እዚያ ናቸው።

ካርታ_አፍቃሪ

የድሮ ቆጣሪ ያለው ትክክል ነው። በትልቁ የሆነ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ዓመቱን በፈረንጆች እጽፋለሁ፣ ሌሎቻችሁም እንዲሁ ብታደርጉ እንዳንደናገር።

በ2010 የአሜሪካ ቆጠራ ኖርፎክ የምትባል የቨርጂኒያ ከተማ ውስጥ 19 ሺህ ገደማ የባሕር ኃይል ሰዎች ከጦር ሰፈሩ ወጥተው መሀል ከተማ ተመዘገቡ። የከተማዋ ጠቅላላ ድምር ላይ አንድም ሰው አልጎደለም። ግን የምርጫ ወረዳ ወሰን ሲሰመር የሚታየው ድምሩ ሳይሆን የየብሎኩ (የትንሿ የቆጠራ ቦታ) ቁጥር ነው። መርከበኛ በሌለበት መንገድ ላይ 19 ሺህ መርከበኛ!

እንዲህ ያለ ነገር የሚፈጠረው ብዙ ሰው አንድ አድራሻ ላይ ሲሰበሰብ ነው። የተማሪ ዶርም፣ ካምፕ፣ ማረሚያ ቤት፣ የአረጋውያን መኖሪያ። ካርታ ላይ የአንድ ተራ ቤት ነጥብ ቢዛነፍ አንድ ቤተሰብ ነው የሚሄደው። የዶርም ነጥብ ቢዛነፍ አንድ ሰፈር ሙሉ ይሄዳል።

ሦስቱ ሕንፃዎች የማን ናቸው? ባለቤቱ አንድ ከሆነ አድራሻቸው በዋናው ቢሮ ተመዝግቦ እንዳይሆን።

ሰንጠረዥ_ገላጭ

ጉድ ነው። የደቡቡን ረድፍ አሁን አየሁት። መጋዘን ብቻ ያለበት ቦታ ነው። ቀን ሎደርና ጭነት መኪና፣ ማታ ዘበኛና ውሻ። በሰንጠረዡ ላይ ግን በዙሪያችን ካለው ሰፈር ሁሉ በሕዝብ ይበልጣል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ያ ረድፍ የኛ አይደለም። የጎረቤት አስተዳደር ነው።

አልዋጥ_አለኝ

ኧረ ተዉት! ይሄ ሁሉ ነጥብ ተዛነፈ፣ መንገድ ጠፋ የሚባለው ለልጅ የሚነገር ነው። ቁጥር የሚወጣው በጀት የሚያከፋፍለው ሰው በሚፈልገው መጠን ነው። ሌጎስን አላያችሁም? በ2006 የናይጄሪያ ቆጠራ 9,013,534 ተባለች። ግዛቷ በራሷ ቆጥሬ 17.5 ሚሊዮን አገኘሁ አለች። ግማሹ ሕዝብ የት ገባ? እሱም ነጥብ ተዛንፎበት ነው?

ሌሊት_ዳታ

@አልዋጥ_አለኝ ጥርጣሬህን አልነቅፍም። ናይጄሪያ ውስጥ የ1962ቱም የ1973ቱም ቆጠራ ተሰርዟል፤ ያለ ምክንያት አይደለም። የሌጎስን ታሪክ ግን እስከ መጨረሻው ንገረን እንጂ። አገሩ ለቆጠራ ቅሬታ ብቻ የሚሰየም ችሎት አለው። ያ ችሎት በ2013 በሌጎስ የ14 አካባቢያዊ መንግሥታትን ውጤት ውድቅ አድርጎ እንደገና ይቆጠር ብሏል።

ልብ በል፣ ክርክሩ የተሰማው አካባቢ በአካባቢ ነው። 17.5 ሚሊዮን የሚለው ትልቁ ቁጥር ለጋዜጣ ጥሩ ነው። ዳኛ ፊት ግን «የትኛው ቦታ? ማን አልተቆጠረም?» ይመጣል። እዚያ ላይ መልስ ያለው ነው የሚሰማው።

የክር_ጠባቂ

ማሳሰቢያ፦ የራሳችንን አገር ቆጠራ እዚህ አናምጣው። ባለፈው ያመጣነው ክር በሁለት ሰዓት ውስጥ ስድብ ሆኖ ዘጋሁት። ለሱ የሚበቃ ትዕግሥት ያለው ሌላ ክር ይክፈት።

ሌሊት_ዳታ

እሺ ጠባቂያችን። ወደ ጥያቄው ልመለስ፤ ትንሽ ረዘም ይላል።

በቦታ የተሳሳተ ሰው የሚታረምበትና ጭራሽ ያልተቆጠረ ሰው የሚታረምበት መንገድ ለየቅል ነው። አሜሪካኖች ከ2020 ቆጠራ በኋላ ከጥር 2022 እስከ ሰኔ 2023 መጨረሻ የአካባቢ መስተዳድሮችን ጥያቄ ተቀብለዋል። ግለሰብ ማመልከት አይችልም። የሚታየው ሁለት ነገር ነው፦ ወሰኑ በስህተት ተሰምሯል ወይ፣ የተመዘገበ ቤት በተሳሳተ ብሎክ ገብቷል ወይም በሥራ ሂደት ላይ ተዘልሏል ወይ። ለዶርምና ለመሳሰሉት የጋራ መኖሪያዎች ሌላ መስኮት ከፍተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቆጠራው ኮቪድ ላይ ወደቀና ተማሪው ዶርሙን ጥሎ ወደ ቤተሰቡ ሄደ። «ነዋሪዎቻችን ቆጣሪ አላዩም፣ እንደገና ቁጠሩልን» ማለት ግን አይቻልም። ያ በር ዝግ ነው።

ያልተቆጠሩትን የሚያወጣው ከቆጠራ በኋላ የሚደረግ የናሙና ቅኝት ነው። አሠራሩ ዓሣ ሐይቅ ውስጥ እንደሚቆጥሩ ሰዎች ነው። ጥቂት ቦታዎች ይመረጡና ሌላ ቡድን ከዜሮ ይቆጥራቸዋል። ከዚያ ስም ለስም ማመሳከር ነው። ለምሳሌ አንድ ቦታ ቆጠራው 900 ሰው አገኘ እንበል። ቅኝቱ 800። በሁለቱም የተገኙት 720 ናቸው። ቅኝቱ ካገኛቸው 800 ሰዎች ቆጠራው የያዘው 720 ነው፣ 90 በመቶ ማለት ነው። እንግዲያው ያ 900 ራሱ የእውነተኛው ቁጥር 90 በመቶ ነው፤ እውነተኛው 1,000 ይሆናል። ከሁለቱም ያመለጠ ሰው በስሌት ተገኘ ማለት ነው። ድክመትም አለው። ከአንዱ የሚሸሽ ሰው ከሌላውም ይሸሻል፣ ስለዚህ ስሌቱ ብዙ ጊዜ ወደ ታች ያደላል።

ታዲያ በተገኘው ምን ይደረጋል? እዚህ ላይ አገሮች ይለያያሉ። ደቡብ አፍሪካ በ2022 ቆጠራዋ 31 በመቶ ሰው እንዳመለጣት ቅኝቱ አሳየ። ታወጀ የተባለው 62 ሚሊዮን ያ ከተጨመረ በኋላ ነው። በአገሩ ያሉ የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ብዙ ተከራክረውበታል፣ አልፈርድባቸውም። አውስትራሊያ ቆጠራውን እንዳለ ታወጣለች፣ ለበጀት የምትጠቀምበትን የነዋሪ ግምት ግን በቅኝቱ ታስተካክለዋለች። በ2021 ያመለጣት 0.7 በመቶ ብቻ ነበር። አሜሪካ ደግሞ ቅኝቱን ትሠራለች፣ ታሳትማለች፣ ቁጥሩን አትነካም። በ2020 ቴክሳስና ፍሎሪዳን ጨምሮ ስድስት ግዛቶች አንሰው፣ ስምንት ግዛቶች በዝተው መቆጠራቸውን ራሱ ቢሮው አውጥቷል። የምክር ቤት ወንበሩ የተከፋፈለው ግን በዚያው ባልተነካው ቁጥር ነው። ለወንበር ድልድል በናሙና የተስተካከለ ቁጥር መጠቀም እንደማይፈቀድ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ1999 ወስኗል።

በጀት_ክፍል

በገንዘብ በኩል ያለውን ልናገር። ብራዚል ውስጥ ለማዘጋጃ ቤቶች የሚከፋፈል የፌዴራል ፈንድ አለ። ክፍፍሉ በእርከን ነው። እስከ 10,188 ነዋሪ ያለው ትንሽ ማዘጋጃ ቤት 0.6 የሚባል መለኪያ ያገኛል። 10,189 ሲሆን 0.8። ልዩነቱ አንድ ሰው ነው! አንድ ሕፃን በቆጠራው ዋዜማ ቢወለድ ድርሻው በሲሶ ያድጋል።

ስለዚህ የ2022 ውጤታቸው ሲወጣ ማዘጋጃ ቤቶች ወደ ፍርድ ቤት ተንጋጉ። በ2023 ሕግ ወጥቶ ድርሻቸው የሚቀንስባቸው በአንዴ እንዳይደነግጡ ቅነሳው በአሥር ዓመት እንዲከፋፈል ተደረገ። የቆጠራ ተቋሙም ቁጥሩን ራሱ አርሟል። በሰኔ 2023 203,062,512 ያለውን በጥቅምት 203,080,756 አደረገው። 18 ሺህ ሰው ለዚያ አገር ጠብታ ነው። 10,188 ላይ ለቆመ ማዘጋጃ ቤት ግን ከዚያ ጠብታ አንዷ ትበቃዋለች።

ገላጭ፣ አለቃህ የቸኮለው ለምን እንደሆነ ይገባኛል። እርከናችሁን አየኸው?

ሰንጠረዥ_ገላጭ

አየሁት። ሕንፃዎቹ ከተመለሱልን እርከን እናልፋለን። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ይወርዳሉ። አለቃዬ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሰምቶ ደስ አለው፣ ሁለተኛውን አልሰማም።

ከራይን_ማዶ

የምኖረው ጀርመን ነው። «ብዙ ነን» ለሚሉ ሁሉ የበርሊንን ነገር ልንገራቸው። እዚህ ሰው ቤት ሲቀይር መዝገብ ቤት ሄዶ ይመዘገባል። አገር ለቆ ሲሄድ ደግሞ ስሙን ማስፋቅ አለበት፤ ብዙው ይረሳዋል። መዝገቡ የሄዱትን ተሸክሞ ለዓመታት ቆየ። በ2011 ሲቆጠር አገሪቱ ከታሰበው በ1.5 ሚሊዮን አነሰች። በርሊን ብቻዋን 180 ሺህ ያህል ነዋሪ አጣች፣ ከሀብታም ግዛቶች የሚመጣላትም ድጎማ አብሮ ቀነሰ።

በርሊንና ሃምቡርግ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ከሰሱ። ሙግታቸው ጥሩ ነበር። ከ10 ሺህ ሰው በላይ ያላቸው ከተሞች በአንድ ዘዴ፣ ከዚያ በታች ያሉት በሌላ ዘዴ ተጣርተዋል፣ ይህ እኩልነት ነው ወይ አሉ። ፍርድ ቤቱ በ2018 ዘዴው ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ዘጋው። ገላጭም አቤቱታውን ከማስገባቱ በፊት ሌሎቹ ረድፎቹ ውስጥ የሌለ ሰው እንዳልተጻፈለት ያጣራ። ማረሚያ ሲጠየቅ የሚመረመረው የጠየቅከው ብቻ አይደለም።

አልዋጥ_አለኝ

እሺ፣ በዝተው ስለ መቆጠር ከተነሳ ኬንያም አለች። በ2009ኙ ቆጠራ የስምንት ወረዳዎችን ውጤት መንግሥት ሰርዞታል። ዕድገቱ ከወሊድና ከሞት ጋር አልገጥም ስላለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ይህን ያመጣሁት እናንተን ለማገዝ አይደለም፣ ለማስታወስ ነው።

የድሮ_ቆጣሪ

አገዝከን እንጂ 😄

ካርታ_አፍቃሪ

አንድ ወጥመድ ሳልናገር። በጣም ትንሽ ቦታ ላይ ያለ ቁጥር ሆን ተብሎ የተነካካ ሊሆን ይችላል። አሜሪካኖች በ2020 የሰው ምስጢር እንዳይወጣ ብለው በየብሎኩ ቁጥር ላይ በስሌት ትንሽ ትንሽ ጨምረዋል፣ ቀንሰዋል። የየግዛቱ ጠቅላላ ሕዝብ አልተነካም፤ በየብሎኩ ያለው የቤት ብዛትም አልተነካም። የሰው ቁጥር ግን ተነክቷል። ቤት የሌለበት ብሎክ ላይ ሰው አለ ብለው የደነገጡ ብዙ ነበሩ። ስለዚህ የሰው አምድ ላይ ከመጮህህ በፊት የቤት አምዱን ተመልከት። ያንተ ስንት ይላል?

ሰንጠረዥ_ገላጭ

የቤት አምዱ 4 ይላል። ሦስት ሕንፃ፣ አራት ቤት።

ካርታ_አፍቃሪ

በቃ፣ ምስጢር ጥበቃ አይደለም። አድራሻ ነው።

ሌሊት_ዳታ

እንግዲህ የሚያያዘውን ልንገርህ። የመብራት ደንበኛና የተማሪ ቁጥር ተወው። አንድ ቤት ሁለት የመብራት ቆጣሪ ያስገባል፣ ተማሪው ከሌላ ሰፈር ይመጣል፤ በአንድ አንቀጽ ይጥሉልሃል። የአድራሻ ዝርዝር አዘጋጅ። እያንዳንዱ መኖሪያ ቤት አንድ መስመር፦ ሕንፃ፣ ወለል፣ የቤት ቁጥር፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ አሁን በየትኛው የቆጠራ ቦታ ተመዝግቦ እንደሚገኝ፣ በየትኛው መሆን እንደነበረበት። ከዚያ ሁለት ሰነድ። አንደኛው በቆጠራው ዕለት በሥራ ላይ የነበረውን ወሰን የሚያሳይ ሕጋዊ ካርታ። ዛሬ ያለውን አይደለም! ወሰናችሁ ከቆጠራው በኋላ ተቀይሮ ከሆነ ነገሩ በቃ ያበቃል። ሁለተኛው ሕንፃዎቹ ከዚያ ዕለት በፊት ሰው ይኖርባቸው እንደነበር የሚያሳይ የመኖሪያ ፈቃድ።

የነዋሪ ስም እንዳታያይዝ። አንደኛ አይጠየቅም፣ ሁለተኛ የሰው ምስጢር ነው።

ለአለቃህም አስቀድመህ ንገረው፤ ቢሳካላችሁም የታተመው የቆጠራ መጽሐፍ ላይቀየር ይችላል። የለንደኑ ዌስትሚንስተር በ2001 ቆጠራ 181 ሺህ ሰው ብቻ ተባለ። ምክር ቤቱ ተቃወመ። ማንቸስተርም እንዲሁ። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ አድራሻ በአድራሻ አመሳክሮ የሁለቱንም ከፍ አደረገ፤ ከፍ ያለው ግን ከዚያ በኋላ የሚወጣው የሕዝብ ግምት ነው። አሜሪካኖችም የሚያርሙት ለቀጣይ ዓመታት ግምት መነሻ እንዲሆን እንጂ የወረዳ ክፍፍሉን መልሰው አይነኩም። ገንዘቡ የሚከተለው ግን ብዙ ጊዜ ያንን ግምት ነው፣ ስለዚህ አትናቀው።

በጀት_ክፍል

ግምቱም የራሱ ጣጣ አለው። ዲትሮይት በ2022 የቆጠራ ቢሮውን የከሰሰችው በቆጠራው ሳይሆን በዓመታዊ ግምቱ ነው። የፈረሰ ቤት ይቀነስብናል፣ ታድሶ ሰው የገባበት ግን አይደመርልንም ብላ። ገላጭ፣ የእድሳትና የግንባታ ፈቃድ መዝገባችሁን አሁኑኑ ብታደራጅ ለሚቀጥሉት ዓመታት ይጠቅምሃል።

ሰንጠረዥ_ገላጭ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

የድሮ ቆጣሪ፣ ምርቃት ይድረስህ። ሦስቱንም ሕንፃ ወለል በወለል ዞርኩ። የሁለተኛው ሕንፃ መግቢያ በር መቃን ላይ በኖራ የተጻፈ የቆጣሪ ምልክት አገኘሁ፣ ግማሹ ተላልጧል። የቆጠራ ቦታው ቁጥር ይነበባል። የመጋዘኑ ሰፈር ቁጥር ነው! ፎቶ አንስቼ ከካርታው ጋር አያያዝኩት። ምክንያቱም ተገኘ። ሕንፃዎቹ ሲሠሩ ዋናው መግቢያ በመጋዘኑ በኩል ነበር። ቆጣሪው በዚያ በኩል ገባ፣ በገባበት በኩል መዘገበ። በኛ በኩል ያለው ቆጣሪ ያገኘው አጥሩ ሥር ያሉትን አራት የዘበኛና የጽዳት ሠራተኞች ቤት ብቻ ነው። 11 ሰው።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ሆነ፣ አባሪው አርባ። «ሕዝባችን ብዙ ነው» የሚለው ወጥቷል። አለቃዬ ፈርሟል፣ ትንሽ አጉረምርሞ።

የቀረኝ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሳንነግራቸው እናስገባ የሚሉ አሉ። መሥሪያ ቤቱ መጠየቁ እንደሁ አይቀር። ምን ትላላችሁ?

የድሮ_ቆጣሪ

ቀድመህ ንገራቸው። ከመሥሪያ ቤቱ ሲሰሙት ሌባ ትመስላለህ። ደብዳቤውን ሳይሆን የበሩን ፎቶ ይዘህ ሂድ።

አልዋጥ_አለኝ

ይስማማሉ ብለህ ነው? እርከን የሚወርድ ሰው ፎቶ አያይም።

ሰንጠረዥ_ገላጭ

ሄድኩ። የፕላን ባለሙያዋ ፎቶውን አየች፣ ዝም አለች፣ ከዚያ የራሷን ሰንጠረዥ ከፈተች። «የመጋዘኑ ረድፍ እኛንም ግራ ገብቶን ነበር» አለችኝ። ለካ እዚያ ሕዝብ አለ ተብሎ ጤና ጣቢያ በዕቅድ ተይዞለታል። ቦታ ሊመርጡ ሄደው ከጭነት መኪና በቀር ያገኙት የለም።

የሷ አለቃ ግን አልፈርምም ብሏል። እሷ በሰሜን በኩል ያለ አንድ ዶርም ከሦስተኛ አስተዳደር ጋር ሳይቀላቀልባቸው አልቀረም ትላለች። ነገ ጠዋት ካርታውን ይዘን አብረን ልንሄድ ነው። ካርታ አፍቃሪ፣ ስልክ ላይ ያለ ጂፒኤስ ሕንፃ ሥር ስንት ሜትር ይዛነፋል?

ካርታ_አፍቃሪ

ግድግዳ ሥር አትቁም፤ ረጅም ሕንፃ አጠገብ አሥርና ከዚያም በላይ ሜትር ሊስት ይችላል። ሰማይ የሚታይበት ቦታ ውጣ፣ ነጥቡ እስኪረጋ ትንሽ ጠብቅ፣ ከዚያ መዝግብ። መግቢያውን በሩንም ለየብቻ ያዝ።